የምን ጭብጨባ ነው?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በአንድ የቅዳሜ ኅብረታችን ላይ አንድ ወንድም ስልኩን ከፍ አድርጎ «ሳይንቲስቶቹ ዛሬም ተሳሳትን አሉ!» ብሎ ያነበበልንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። አስተማሪያችሁ ነኝ የምለው እኔም አጨበጨብኩ። ስለዚያ ጭብጨባ ልጽፍላችሁ ነው፤ እፍረቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

ዜናው የመጣው ከሰርን ነው። በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ድንበር ላይ፣ ከመሬት በታች፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ማሽን አለ። ፕሮቶኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው በተቃራኒ አቅጣጫ እየመጡ በውስጡ ይጋጫሉ። ኤል ኤች ሲ ቢ የሚባለው የተመራማሪዎች ቡድን ከግጭቱ የሚወጡትን ቢ ሜዞን የተባሉ ቅንጣቶች ይከታተላል። እነዚህ ሲፈርሱ፣ እጅግ አልፎ አልፎ፣ ከሌላ ቅንጣት ጋር ጥንድ ኤሌክትሮን ወይም ጥንድ ሚዩኦን ይሰጣሉ። ሚዩኦንን የኤሌክትሮን ወፍራም ወንድም በሉት፤ 200 ጊዜ ያህል ይከብዳል እንጂ ጠባዩ ያው ነው። ስታንዳርድ ሞዴል የተባለው የፊዚክስ ንድፈ ሐሳብ ሁለቱ ጥንዶች በእኩል መጠን መውጣት አለባቸው ይላል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ቡድኑ ለ100 የኤሌክትሮን ጥንድ 85 ገደማ የሚዩኦን ጥንድ አገኘን አለ። ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከሺህ አንድ ያህል ነበር። እኛ ብንሆን በማግስቱ መድረክ ላይ ወጥተን እንመሰክር ነበር! እነሱ ግን «ፍንጭ» ብቻ አሉት፤ ግኝት ለማለት የአጋጣሚው ዕድል ከ3 ሚሊዮን አንድ በታች መውረድ አለበትና። የገዛ ሥራቸውን እንደገና በረበሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ያገኙትን ተናገሩ፦ ኤሌክትሮን ብለን ከቆጠርናቸው አንዳንዶቹ ኤሌክትሮን መስለው ያለፉ ሌሎች ቅንጣቶች ናቸው። ይህ ሲስተካከል ልዩነቱ ጠፋ።

ስሕተቱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ያጨበጨብነው በዚህ ላይ ነው።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። የመጀመሪያው ዜና የተሰማ ጊዜ በዚያው አዳራሽ «ሕጋቸው ተሰነጠቀ፤ ለተአምር በር ተከፈተ» ተብሎ አሜን ብለናል። ተሰነጠቀ ሲባል አሜን፣ አልተሰነጠቀም ሲባል ጭብጨባ። ውጤቱ ወዲህም ወዲያም ቢወድቅ እኛ አሸናፊ ነን ማለት ነው። በሁለቱም በኩል አንበሳ ያለበት ሳንቲም ወርውሮ «ረታሁ» እንደማለት! ይህን ለእምነት መሟገት አትበሉብኝ። እምነታችንን ያዋርደዋል እንጂ አያስከብረውም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ምን አተረፈ?» የሚለኝ አይጠፋም። ስታንዳርድ ሞዴል ጎዶሎ መሆኑን የፊዚክስ ሰዎች ራሳቸው ያውቃሉ፤ ስበትን አያካትትም፣ ዳርክ ማተር ምን እንደሆነም አይነግረንም። ስለዚህ የት ላይ እንደሚከሽፍ ይፈልጋሉ። «እዚህ ጋ አልከሸፈም» ማለትም መልስ ነው። እግዚአብሔር ፈጠረው በምንለው ዓለም ኤሌክትሮንና ሚዩኦን በዚህ ነገር እኩል መሆናቸውን ከእኛ ጭብጨባ አላወቅነውም፤ ከእነሱ ቆጠራ ነው ያወቅነው።

ሌላ ፍንጭ መምጣቱ አይቀርም። ዜናው ስልካችሁ ላይ ሲደርስ አሜንም ጭብጨባም ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፦ የአጋጣሚው ዕድል ስንት ነው? ሌላ ቡድንስ በሌላ መሣሪያ አይቶታል?

ያን ዕለት ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት የፊዚክስ ተማሪ እህታችን ነበረች። አላጨበጨበችም፤ አንድ ቃልም አልተናገረች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ስደውልላት «ጋሼ፣ የምማረውን ነገር እየሳቃችሁበት እኔ የት ልቀመጥ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ መድረኩ የእሷ ነው። ኤሌክትሮን መስሎ የሚያልፍ ቅንጣት እንዴት እንደሚያዝ ታስረዳናለች። ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።