ከሩቅ ሆነሽ የቤትሽን ጣሪያ ለኪ

 

ብዙዎቻችን ዓመት ከዓመት የምንለፋው አገር ቤት አንዲት ቤት ለማቆም ነው። ገንዘቡን እንልካለን፤ ጥቂት ቆይቶ ስልክ ይደወላል፦ «ቆርቆሮው አልበቃም፣ ጨምሪ»። እውነት ይሆን? ወይስ መጀመሪያውኑ ስሌቱ ተሳስቷል? የዛሬው ትምህርታችን ይህን ራስሽ እንድታጣሪ ይረዳሻል። ወንድምሽን ለመጠርጠር ሳይሆን ላብሽን ለማክበር ነው።

የጣሪያውን ፊት በወረቀት ላይ ሳዪው። ከጫፉ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር ስታወርጂ ሁለት እኩል ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። የእያንዳንዳቸው አንዱ ማዕዘን እንደ መጽሐፍ ጥግ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን ቆርቆሮው የሚያርፍበት ነው።

ሕጉ ይህ ነው፦ ሁለቱን አጫጭር ጎኖች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዢና ደምሪ። ረጅሙ ጎን በራሱ ሲባዛ ያንኑ ድምር ይሰጣል። ሕጉ በግሪካዊው ፓይታጎረስ ስም ይጠራል፤ ነገር ግን ከእርሱ ከ1000 ዓመት በላይ አስቀድሞ በዛሬዋ ኢራቅ የነበሩ ባቢሎናውያን ያውቁት ነበር።

ቤትሽ 4.8 ሜትር ወርድ፣ የጣሪያው ጫፍም ከግድግዳው በላይ 1 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። የወርዱ ግማሽ 2.4 ነው። 2.4 በ2.4 ሲባዛ 5.76፣ 1 በ1 ደግሞ 1፤ ድምሩ 6.76። በራሱ ተባዝቶ 6.76 የሚሰጠው ቁጥር 2.6 ነው። በስልክሽ ካልኩሌተር የ√ ምልክት ያወጣልሻል። ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታ 40 ሳንቲሜትር ስትጨምሪ 3 ሜትር ይሆናል። የጣሪያው ርዝመት 8 ሜትር ከሆነ አንዱ ጎን 24፣ ሁለቱ 48 ካሬ ሜትር ናቸው። ቆርቆሮ ሲደረብ የሚሄደውን ግን አናጺውን ጠይቂና ጨምሪበት።

ረጅሙ ጎን ታውቆ አንዱ አጭር ጎን ቢጠፋብሽ፣ በመደመር ፈንታ ቀንሺ፦ ከ6.76 ላይ 5.76 ሲነሳ 1 ይቀራል፤ ከፍታው 1 ሜትር ነው።

መሠረት ገና የሚጣል ከሆነ ደግሞ ለቤተሰብ ይህን ንገሪያቸው፦ ከማዕዘኑ ተነስተው በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ላይ ምልክት ያድርጉ። በምልክቶቹ መካከል ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ከበለጠ ተከፍቷል፤ ካነሰ ተዘግቷል። ግንቡ ሳይነሳ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከተነሳ በኋላ ግን ማፍረስ ነው።

በይ እንግዲህ፣ ዕረፍት ስታገኚ ይህን ሞክሪ፦ ወርዱ 6 ሜትር፣ ከፍታው 1.25 ሜትር ቢሆን ረጅሙ ጎን ስንት ነው? 3.25 ሜትር ካገኘሽ ጎበዝ! ቀጣዩ ስልክ ሲደወል ወረቀትሽን ይዘሽ ጠብቂ።