ባለጸጋው እጩና የቡግና ወንበር

«ጋሼ፣ እኔ ብጠየቅ የምሾመው ነጋዴ ነው» አለኝ።

ይህን ያለኝ የላሊበላ ልጅ ነው። ሙያው አስጎብኚነት ነው፤ ዛሬ ግን እዚህ አዲስ አበባ የዘመዱን ሱቅ ይጠብቃል። ጀበና ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ስለ አገሩ እየጠየቅሁት ነበር። ጎብኚ ሲጠፋ አስጎብኚ ምን ይሆናል? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ኮሮናው ሳይለቅ የሕወሓት ኃይሎች በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማይቱን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ላሊበላ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገላበጥ ከረመች፤ አውሮፕላን ማረፊያዋም ተዘረፈ። እፎይ ሳይባል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የፋኖ ታጣቂዎችና የመንግሥት ጦር እዚያው ላስታ ላይ ውጊያ ገጠሙ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንደቆሙ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያድር የነበረው ገበያ ግን ተበተነ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ?» ሲል ቀጠለ። «ነጋዴው ግን አስቀድሞ በልቷል። ሆቴል አለው፣ መኪና አለው፣ ደመወዝ ሳያዛንፍ መክፈል ያውቃል። የጠገበ ሰው ምን ብሎ ከእኛ አፍ ይነጥቃል? እንዲህ ያለ ሰው ለክልሉ ቢወዳደር አያሸንፍም ትላለህ?»

ክርክሩን የዋህ ብዬ አላጣጥለውም። ኑሮ በከበደበት ሁሉ የሚሰማ ክርክር ነው፤ በበለጸጉት አገሮች ሳይቀር። የመኪና ፋብሪካዎቿ ሠራተኛ በየጊዜው በሚቀንሱባት በሚሺጋን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የአምዌይ ኩባንያ ወራሽና የቀድሞ መሪ የነበረው ዲክ ዲቮስ ይህንኑ ይዞ ለአገረ ገዥነት ቀረበ፦ ኩባንያ መርቻለሁ፣ ግዛቲቱንም እመራለሁ አለ። ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከራሱ ኪስ አፈሰሰ። ጄኒፈር ግራንሆልም ግን በሰፊ ልዩነት ረታችው። ተቃዋሚዎቹ ደጋግመው ያነሱበት ነገር በሚሺጋን ሠራተኛ እየቀነሰ በቻይና ገንዘብ ያፈሳል የሚል ነበር። የደኸየ መራጭ ሀብታሙን አይጠላውም፤ ሀብቱ ከየት እንደመጣና የት እንደሚውል ግን ይጠይቃል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኮንጎዋ ካታንጋ ታሪክ ነው። ሞይስ ካቱምቢ ባለጸጋ ነጋዴ ነው፤ የቲፒ ማዜምቤ እግር ኳስ ቡድንም ባለቤት። እ.ኤ.አ. በ2007 አገረ ገዥ ያደረገው በቀጥታ የወጣ የሕዝብ ድምፅ አልነበረም፤ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ነው የመረጠው፤ ያውም በፕሬዚዳንቱ በጆሴፍ ካቢላ ፓርቲ ውስጥ ሆኖ። ስምንት ዓመት ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከፓርቲው ጋር ተጣልቶ ሥልጣኑን ለቀቀ። ዓመት ሳይሞላው በአንድ ቤት ሽያጭ ምክንያት በሌለበት ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ካቱምቢ ከምክር ቤቱና ከፓርቲው ጋር ሳለ ሀብቱ ጉልበት ሆነለት፤ ሲለይ የክስ መዝገብ ሆነበት።

እንግዲህ ወደ ባሕር ዳር እንምጣ። እኛም ዘንድ የክልል ርዕሰ መስተዳድር በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። ሕዝቡ የሚመርጠው የምክር ቤት አባል ነው፤ ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው አብላጫ ወንበር የያዘው ፓርቲ ነው። ከየካቲት 2011 ዓ.ም. እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ አማራ ክልል ዶ/ር አምባቸው መኮንን፣ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ ዶ/ር ይልቃል ከፋለና አቶ አረጋ ከበደ ተሹመውበታል። አምስት ሰዎች መሆናቸው ነው፤ የመጀመሪያው በሰኔ 2011 ዓ.ም. በቢሮአቸው ሳሉ ተገደሉ። ከአምስቱ አንዱም ላይ የላስታ ገበሬ በስም ድምፅ አልሰጠም። የእኔ አስጎብኚ የሚሾመው ነጋዴ ይኑር እንጂ፣ የሚሾምበት የምርጫ ወረቀት አልታተመም።

እርግጥ ነው፣ ሕጉ ለግል እጩ በሩን አልዘጋም፤ ለአንድ የምክር ቤት ወንበር መቅረብ ይቻላል። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በግል ተወዳድረው ያሸነፉ ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ፤ ሐኪምና የቀድሞ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት። ከንግዱ ዓለም ደግሞ ከአዋሽ ባንክ መሥራቾች አንዱ የነበሩት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ አሉ፤ ፓርቲ አቋቁመው በ1997 ዓ.ም. ምክር ቤት ገቡ። ንግግራቸውን የሰማ ያስታውሳቸዋል። ሆኖም አንድ ወንበር ክልል አያስመራም።

ባለጸጎቻችንስ ለምን አይሞክሩም? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ባለሀብቱ ሊዝ ይዞ ይሠራል። ብድሩም፣ የውጭ ምንዛሪውም፣ ፈቃዱም በመንግሥት እጅ ያልፋል። እንዲህ ያለ ሰው መንግሥትን አይወዳደርም፤ ይጠጋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» የተባለው እራት ሲዘጋጅ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ወንበሮቹም ተሞሉ። ገንዘቡ ለከተማ ማስዋቢያ መዋሉን አልነቅፍም። ነገር ግን ባለሀብቱ ወንበር የሚገዛው ከማን ጋር ለመቀመጥ እንደሆነ ልብ በሉ።

በሰሜን ወሎም ይኸው ነው። ወልድያ ያደጉት ሼህ መሐመድ አላሙዲ ለከተማይቱ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም አሠርተው በ2009 ዓ.ም. አስመርቀዋል። በ1997ቱ ምርጫ ገዥውን ፓርቲ በአደባባይ ደገፉ እንጂ እጩ አልሆኑም፤ የሳዑዲ ዜጋ በመሆናቸውም ሊሆኑ አይችሉም ነበር። የአገሩ ባለጸጋ ለሕዝብ የሚሰጠው ስጦታ ነው። ስጦታ የሰጠን ሰው ደግሞ ሒሳብ አምጣ አይሉትም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ባለሀብት እጩ መቼ ቀርቦልን ያውቃል ስንል፣ አንዱ በየምርጫው ይቀርብ እንደነበር እንዘነጋለን፤ እርሱም ፓርቲው ራሱ ነው። ጥረት በ1987 ዓ.ም. በብአዴን አካባቢ ተቋቋመ። በየዘመኑ ዳሸን ቢራ፣ አምባሰል የንግድ ሥራዎች፣ ጣና ፍሎራና ሌሎችም በሥሩ ነበሩ። ወረቀቱ የሕዝብ ሀብት ይለዋል፤ አመራሩን የሚመድበው ግን ፓርቲው ነበር። ቢራ ጠማቂውም፣ አስመጪውም፣ ግብር አስከፋዩም ዞሮ ዞሮ አንድ ቤት ውስጥ ይገናኙ ነበር። ከዚህ በላይ ባለጸጋ እጩ ከየት ይመጣል? የአስጎብኚው ወዳጄ «የጠገበ አይሰርቅም» ሐሳብስ በዚህ ቤት ሲፈተሽ ምን ሆነ? ጥረትን በቦርድ ሰብሳቢነት የመሩት አቶ በረከት ስምዖንና ዋና ሥራ አስፈጻሚው አቶ ታደሰ ካሳ በድርጅቱ ሀብት አስተዳደር ተከስሰው በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ስድስትና ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። ክሱ ፖለቲካ አለበት የሚሉ አሉ፤ ሊኖርበትም ይችላል። እኔ የምለው፣ ይህ ሁሉ ሀብት ሲገዛና ሲሸጥ የክልሉ መራጭ አንድም ቀን እንዳልተጠየቀ ነው።

ተጠይቆ የመለሰባት ቀን ግን አለች። በ1997 ዓ.ም. ላሊበላ ገና በቡግና ወረዳ ሥር ነበረች። የቡግና የኢሕአዴግ እጩ የማስታወቂያ ሚኒስትሩ እነዚሁ አቶ በረከት ነበሩ፤ የአገሪቱ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ጋዜጣ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ፤ ሚኒስትሩ ተሸነፉ። ከብዙ አቤቱታ በኋላ ምርጫ ቦርድ በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ አዘዘ፤ ቡግና አንዷ ነበረች። ነሐሴ 15 ቀን እንደገና ተመረጠ፤ አሁን ሚኒስትሩ አሸነፉ። በግንቦትና በነሐሴ መካከል ያለው ክረምት ነው፤ የቡግና ገበሬ ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት።

ነገሩ ከጎተራው ጋር ይያያዛል። የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ላስታና አካባቢዋም ከተጠቃሚዎቹ ናቸው። ማን ይታቀፍ፣ ማን ይውጣ የሚለው ዝርዝር በቀበሌ ይወጣል። የመሬት ደብተሩም ከዚያው ይመጣል። ስንዴውን ማንም ይላከው፣ ስም የሚጠራው የቀበሌ ሹም ነው። ከውጭ የመጣ ባለጸጋ እጩ ለእያንዳንዱ ቤት ስንዴ ቢያድል እንኳ የሚያድለው አንድ ክረምት ነው፤ ቀበሌው ግን በሚቀጥለውም ክረምት እዚያው አለ። መራጩ ይህን ከእኔም ከእናንተም አሳምሮ ያሰላዋል።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሴ ይህ ነው። ሀብታም ነጋዴ በላስታ ቆሞ ለአንድ ወንበር ቢወዳደር፣ ድምፁም እንደተሰጠ ቢቆጠር፣ ሊያሸንፍ ይችላል፤ የቡግና ሰው ሚኒስትር መጣልን አሳይቷል። ባሕር ዳር ለመግባት ግን መጀመሪያ የፓርቲውን በር ማንኳኳት አለበት። በሩ ከተከፈተለት፣ ወዳጄ የተመኘው ራሱን የቻለ ሰው መሆኑ እዚያው ደጃፍ ላይ ይቀራል። ርዕሰ መስተዳድሩን ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ የሚል ማሻሻያ ካልመጣ፣ ስለ እጩው ሀብት መከራከራችን ገበያ ሳይኖር ዋጋ እንደመደራደር ነው።

ይህን ሁሉ ለአስጎብኚው አስረዳሁት፤ ሦስተኛው ቡና እስኪቀርብ ድረስ። ዝም ብሎ ሰማኝና ስኒውን አስቀመጠ።

«አባቴ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ተሰልፏል» አለኝ። «በግንቦት ሌሊት ተነሥቶ ነው የወጣው። በነሐሴ ግን አርሞ፣ ምሳውን በልቶ ነው የሄደው።»

ከዚያ ደንበኛ መጣና ወደ ሱቁ ተጠራ።