ለድሬ ውኃ የሚስማማ ተክል

ድሬዳዋ ውኃ ያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያው ላይ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። የሲሚንቶ ፋብሪካችን የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ውኃችንም ውስጥ አለ። በመስታወት ገንዳ ዓሣ ለማርባት የተነሣ ልጅ ካላችሁ ተክል ሲመርጥ ከዚህ ይጀምር፤ ከውኃው ጋር መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ሴራቶፊለምና ቫሊስኔሪያ የተባሉት ኖራማ ውኃ ይችላሉ፤ ሁለቱም ጣና ሐይቅ ውስጥ ይበቅላሉ። ሴራቶፊለም ሥር ስለሌለው ውኃው ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። ቫሊስኔሪያ አሸዋ ላይ ይተከላል፤ ቅጠሉ ከሚነሣበት አንገቱ ድረስ ከተቀበረ ግን ይበሰብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠል ቢረግፍ ልጁ ነቅሎ እንዳይጥለው፤ አዲሱን ውኃ እየለመደ ነው።

ገንዳውን ከመስኮት ፀሐይ አርቁት። ትርፍ ተክል ደቻቱ ውስጥ አይጣል፤ እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ሰምታችኋል። አድርቃችሁ ለጓሮ አፈር ስጡት።