ለአራሷ ክልከላ፣ ለሕፃኑ ቅቤ
ሕፃን ባለቀሰ፣ ሆዱ በተነፋ ቁጥር አራሷን ከቅቤ ገንፎና ከወተት ማራቅ ልክ አይመስለኝም። የላም ወተት ፕሮቲን በጡት በኩል በጥቂቱ ማለፉ እውነት ነው፤ በዚህ የሚታመሙት ግን ጡት ብቻ ከሚጠቡት ከ100 አንድ አይሞሉም። ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ ወይም ቆዳው እያሳከከ ከቆሰለ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ባለሙያው ካዘዘ እናቲቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተትና የወተት ተዋጽኦ ትተዋለች፣ ለውጥ ከታየም መልሳ ቀምሳ ታረጋግጣለች። መተማ ላይ «የላሙ ቢቀር የፍየል አለ» የሚል አይጠፋም፤ የሁለቱ ፕሮቲን ስለሚመሳሰል አያዋጣም። ለካልሲየሙስ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ሞልቷል፦ ቅርፊቱ ካልተገፈፈ 100 ግራሙ ወደ 975 ሚሊ ግራም ይይዛል (ሰውነት ሁሉንም ባይወስደውም)። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ እናቲቱን ወተት የሚከለክሉ ያው ሰዎች በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ለሕፃኑ ቅቤ በጣታቸው ያስውጡታል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ «ጠማው» ብለው ስኳር በውኃ ይግቱታል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ በቆላም ቢሆን።