ወተት ጓንት አይሆንም

የሆለታ ጽጌረዳ ወደ ቦሌ የሚጋዘው በማቀዝቀዣ መኪና ነው፤ አስኮ ላይ ቆመን ሲያልፍ እናየዋለን። እንዳይጠወልግ ቅዝቃዜው በዲግሪ ይለካለታል። ያሳደገችውስ? እሷ ማታ ከነሥራ ልብሷ ከሰርቪስ ትወርዳለች። እኛ በተከራየንበት ግቢ ልጇ ሮጦ ቀሚሷ ላይ ይጠመጠማል። ቀን ግሪን ሃውስ ውስጥ የተረጨው ኬሚካል እዚያው ቀሚስ ላይ ነው። «መታጠቢያ የለም ወይ?» ብንላት፣ «አለ፤ ሰርቪሱ ግን አይጠብቅም» አለችን። የእርሻውን ስም አንጠራም፤ እንጀራዋ ነው።

ስለ ወተቱ ግን ዝም አንልም። ርጭት ለጨረሰ ሠራተኛ ወተት ማጠጣት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ቀለም ቀቢውም፣ ሲሚንቶ ተሸካሚውም «ወተት ጠጣ፣ ያጥብልሃል» ይባላል። ምኑን ነው የሚያጥበው? የተባይ መርዝ ረጪው ላይ በብዛት የሚገባው በቆዳና በትንፋሽ ነው። በቆዳ አልፎ ደም የደረሰን መርዝ ጨጓራ ውስጥ ያለ ወተት አያሳድደውም። ወተት ምግብ ነው፤ ይጠጣ፣ እሰየው! በጓንት፣ በጭምብልና በሳሙና ፈንታ ሲሰጥ ግን ማታለያ ነው። የሚያንገበግበው ደግሞ ሠራተኛው አመስግኖ መቀበሉ።

«ስለማያውቁ ነው፤ እናስተምራቸው» የሚሉ ምሁራን አሉ። (በምረቃ ቀን እቅፍ አበባ የምንቀባበለው እኛም ከነሱ አንርቅም።) ይህን አንቀበልም። ርጭቱ ሳይደርቅ መግባት እንደሚጎዳ ከእሷ የበለጠ ማን ያውቃል? ዓይኗ ነው የሚቃጠለው። የምትገባው ካቦው የቆረጠችውን አበባ ስለሚቆጥር ነው።

ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ጤናዋን የሚያሰጋ አደጋ መድረሱን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደም፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች ይላል። ጉድ እኮ ነው! ለቅቃ የቤት ኪራዩን በምን ልትከፍል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የተረጨበትና መግባት የሚቻልበት ሰዓት በሩ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ። ከዚያ በፊት አልገባም ያለች ደመወዟ አይነካ። የረጪዎች ደም በየጊዜው ይመርመር፤ ውጤቱም ለራሳቸው ይነገር። የሥራ ልብስ እዚያው እርሻው ይታጠብ። ሰርቪሱም ሰው ገላውን እስኪታጠብ ይጠብቅ። የአበባው መኪና ተጭኖ እስኪሞላ ይጠብቅ የለም ወይ?