የጃፓን ሕፃናት ማዕድ፦ ከሩዝና ከዓሣ ወደ ዳቦና ሥጋ

ሩዝ፣ ዓሣ፣ አትክልት እና ከአኩሪ አተር የሚዘጋጀው የሚሶ ሾርባ ለረጅም ዘመን የጃፓን ቤተሰብ ማዕድ መለያ ነበሩ። ዛሬ ግን በብዙ ቤቶች ትንንሽ ልጆች ከዓሣ ይልቅ ካሪ፣ የተፈጨ ሥጋ ጥብስ፣ ፓስታ እና ዳቦ ይመርጣሉ። ይህ ምርጫ ከጓዳ አልፎ የሀገሪቱ የምግብ ዋስትና ጥያቄ ሆኗል።

ለውጡ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተማሪዎች የቀረበው ምገባ በእርዳታ በመጣ ስንዴና የዱቄት ወተት ላይ ያተኮረ ነበር። እ.ኤ.አ በ1954 የትምህርት ቤት ምገባ ሕግ ከወጣ በኋላም ዳቦ ዋናው ምግብ ሆኖ ቀጠለ፤ ሩዝ በይፋ የተጨመረው በ1976 ነው። በዳቦ ያደጉት የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬ አያቶች ናቸው። ለልጅ ልጆቻቸው የሚያወርሱት ጣዕምም አስቀድሞ የተለወጠ ነው።

እ.ኤ.አ በ1962 አንድ ጃፓናዊ በዓመት በአማካይ 118 ኪሎ ግራም ያህል ሩዝ ይመገብ ነበር፤ አሁን ወደ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ወርዷል። የሥጋ ፍጆታም ከዓሣ ፍጆታ በልጧል። ሩዝ በአብዛኛው በሀገር ውስጥ ሲመረት ስንዴ ግን በብዛት ከውጭ ይገባል። በዚህና በሌሎች ምክንያቶች በ1965 በካሎሪ ሲሰላ 73 በመቶ የነበረው ራስን በምግብ የመቻል ምጣኔ ወደ 38 በመቶ አሽቆልቁሏል።

መንግሥት በ2005 የምግብ ትምህርት መሠረታዊ ሕግ አውጥቷል፤ በትምህርት ቤቶችም የሥነ ምግብ መምህራን ተመድበዋል። የጃፓን ባህላዊ አመጋገብ በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። የትምህርት ቤት ምገባም ዛሬ በአማካይ በሳምንት ከሦስት ቀናት በላይ ሩዝ ያቀርባል።

ይሁን እንጂ ትምህርት የቤተሰብን ጊዜና ኪስ አይተካም። ሁለቱም ወላጆች በሚሠሩበት ቤት ዓሣ ማጽዳትና አጥንቱን ለሕፃን መልቀም ጊዜ ይሻል፤ ዳቦ ግን ወዲያው ይቀርባል። በ2025 የሩዝ ዋጋ ካለፈው ዓመት በእጥፍ ያህል ሲንር መንግሥት የመጠባበቂያ ክምችቱን ለገበያ ለማውጣት ተገድዷል። ልጆች ሩዝ እንዲወዱ የሚያስተምር ሀገር ወላጆች ሩዝ መግዛት የሚችሉበትን ገበያ ካላስጠበቀ፣ በትምህርት ቤት የተዘራው ጣዕም ቤት ሲደርስ ሥር አይሰድም።