አጉሊ መነጽርና መዝገብ ቤት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ጸሐፊ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ከደብዳቤ እንደማይቈጠር ነው። ቃሉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ ከማን እንደ መጣ፥ መቼ እንደ ገባ፥ በየትኛው ፋይል እንደ ታሰረ ካልታወቀ ባለጉዳዩ ደጅ ሲጠና ይከርማል፤ መዝገብ ቤቱም «ይፈለጋል፥ ነገ ተመለስ» ይለዋል። ይህን ያነሣሁት ስለ ጽሕፈት ሥራ ለማውራት አይደለም። የዛሬው ጨዋታችን በአጉሊ መነጽር ስለሚነሡ ሥዕሎች ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ጠጋ ብዬ ስመለከተው የሊቃውንቱ ችግርና የመዝገብ ቤቱ ችግር አንድ ሆኖ አገኘሁት።

ባለፈው ክረምት በአንድ ኮሌጅ የምታስተምር ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ፥ ከቢሮዋ አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አየሁ። ልጁ ለሁለተኛ ዲግሪው የቡና ቅጠል ዝገት የተባለውን በሽታ ሲያጠና፥ በቅጠሉ ጀርባ የሚታየውን ብርቱካንማ ብናኝ በማይክሮስኮፕ እያየ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ቆይቷል። ሥዕሎቹ ከሺህ ይበልጣሉ፤ ያማሩም ናቸው። የፋይሎቹን ስም ባነበብሁ ጊዜ ግን ሣቄ መጣ። «አዲስ»፥ «አዲስ ሁለት»፥ «ጥሩው»፥ «የመጨረሻው»፥ «እውነተኛው የመጨረሻ» ይላሉ።

«ልጄ፥ ይህ በአርባው ሌንስ ነው የተነሣው ወይስ በመቶው?» ስትል ዘመዴ ጠየቀችው።

«መምህርት፥ ያን ጊዜ አውቀው ነበር» አለ ልጁ።

ሣቄን ዋጥሁት። ሌንሱ ካልታወቀ የአንዷ ብናኝ ስፋት ስንት ማይክሮን እንደ ሆነ ከሥዕሉ መናገር አይቻልም (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ክፍል ነው)። ከየትኛው ማሳ እንደ ተለቀመ፥ መድኃኒት ከተረጨበት ዛፍ ይሁን ካልተረጨበት ካልተጻፈም ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። እንግዲህ የሁለት ዓመት ድካም የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ሊቀር ነው።

ችግሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ጨርቅ ይነግድ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በገዛ እጁ በሠራው ትንሽ ሌንስ ውሃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ረቂቃን ፍጥረታትን አይቶ በ1676 ዓ.ም. ለሎንዶኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ሰውየው መሣል ስለማይሆንለት ሠዓሊ ቀጥሮ ያሥል ነበር፤ ዋነኛውን የማያ ዘዴውን ግን ለማንም አልገለጠም። ዘዴውን የደበቀ ሰው ማን ይመነው? ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት፥ የቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎችና አንድ ውል አዋዋይ የሚገኙባቸው ስምንት ምስክሮች ያዩትን እንዲመሰክሩለት አድርጎ ቃላቸውን ላከ። ነገሩ የታመነው ግን በዚያው በ1677 ዓ.ም. ሮበርት ሁክ ሙከራውን በሎንዶን ደግሞ ፍጥረታቱን በማኅበሩ ፊት ካሳየ በኋላ ነው።

ሆኖም ይኸው ምስጢረኛ ነጋዴ አንድ ማለፊያ ሥራ ሠርቷል። በ1674 ዓ.ም. ከላከው ደብዳቤ ጋር የቡሽ፥ የእንጨት ልብና የላም የዓይን ጅማት ስስ ቁራጮችን በትንንሽ የወረቀት ከረጢት አድርጎ አያይዞ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በ1981 ዓ.ም. ብራያን ፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የማኅበሩን መዛግብት ሲያገላብጥ ከረጢቶቹን ከነደብዳቤያቸው አገኛቸው። ሌቨንሁክ ለማኅበሩ የተናዘዘው 26 የብር ማይክሮስኮፕ እንኳ ጠፍቷል። ወረቀት ላይ የታሰረው ቅንጣት ግን ቈየ፤ ፎርድም በዩትሬክት ከሚገኘው ከራሱ ከሌቨንሁክ መሣሪያ በአንዱ ቁራጮቹን እንደገና አያቸው። እንደ እኔ ግምት ቁራጮቹን ያዳናቸው ከደብዳቤው አለመለየታቸው ነው። ብቻቸውን ቢገኙ ኖሮ አንድ ጽዳት ሠራተኛ እንደ ጉድፍ ይጠርጋቸው ነበር።

የማይክሮስኮፕ ሥዕል ከሠርግ ፎቶግራፍ የሚለየው ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመለካትም የተነሣ በመሆኑ ነው። በኮምፒዩተር የተቀመጠው ሥዕል እያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር ናት፤ ቁጥሯም ከዚያ ቦታ ስንት ብርሃን እንደ መጣ ትናገራለች። ሥዕሉን ለማሳመር ብሎ የሚያደምቅ፥ ወይም ጨምቆ የሚያስቀምጥ ሰው ልኬቱን ይለውጣል። ብዙ ተማሪ ዛሬ ሥዕሉን ለመምህሩ በቴሌግራም ይልካል። እንደ ፎቶግራፍ ሲላክ አሳንሶና ጨምቆ ያደርሰዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ይህችን ልዩነት ባለማወቅ ስንቱ ልኬቱን በመንገድ ላይ እንዳስቀረ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከዚህም በላይ ብዛቱ ያስደነግጣል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች ለሕክምና ከተቀደደ ሰው አንጎል የወጣች፥ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ፥ አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ያህል የምትሆን ፍርፋሪ ከ5,000 በላይ አድርገው ሸነሸኗትና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አነሧት። ሥራው በ2024 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ሥዕሉ 1.4 ፔታባይት ሆነ፤ ይህም እያንዳንዱ አንድ ቴራባይት የሚይዝ 1,400 ዲስክ ማለት ነው። እነርሱ ግን ቈልፈው አላስቀመጡትም፤ ማንም በኮምፒዩተሩ ከፍቶ እንዲመለከተው አድርገውታል።

ሌላው ጣጣ የፋብሪካዎቹ ነው። ማይክሮስኮፕ የሚሠራው ኩባንያ ሁሉ ሥዕሉን በራሱ ዓይነት ፋይል ስለሚያስቀምጥ፥ በአንዱ የተነሣው በሌላው አይነበብም ነበር። የስኮትላንዱን የደንዲ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ተቋማትን ያስተባበረው፥ ኦፕን ማይክሮስኮፒ ኤንቫይሮመንት የተባለው ማኅበር ይህን ለመፍታት ተነሣ። ባዮ-ፎርማትስ የተባለው ፕሮግራሙ ዛሬ ከ150 በላይ የሆኑ የፋይል ዓይነቶችን ያነባል፤ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው አብሮ የመዘገበውን የሌንስ፥ የቀንና የልክ ማስረጃ ጭምር ያወጣል። ዋጋ አይጠየቅበትም። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ በሉት።

ስለ መታመንም ጥቂት ልበል። ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ የተባለው መጽሔት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለኅትመት የተቀበላቸውን ሥዕሎች ሁሉ መመርመር ያዘ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ በ40 መጽሔቶች የታተሙ 20,621 ጽሑፎችን አንድ በአንድ ተመልክተው፥ ከመቶ 3.8 በሚሆኑት ውስጥ ተደግሞ የገባ አጠራጣሪ ሥዕል አገኙ። ከነዚህ ቢያንስ ግማሹ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል ብለዋል። የቀረው እንግዲህ እንደዚያ ልጅ «አዲስ ሁለት» የሚል ፋይል ከ«ጥሩው» ጋር በመደባለቁ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሥዕል ከነመዝገቡ ካልተቀመጠ ግን አጭበርባሪውንና ዝርክርኩን በምን እንለያቸዋለን? ለእኔ የነገሩ ክፉው ይህ ነው፤ ንጹሑ ሰው የሚከራከርበት ማስረጃ ያጣል።

ታዲያ ለሌላው ማካፈሉስ? «እኔ የደከምሁበትን ሌላው ይጽፍበታል» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለምና አልወቅሰውም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አጠገብ በ2019 ዓ.ም. የተከፈተው ባዮኢሜጅ አርካይቭ የተባለው የሥዕል ግምጃ ቤት ሥዕሉን ተቀብሎ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ባለቤቱ የሚገለጥበትን ቀን ራሱ ስለሚወስን ጽሑፉ እስኪታተም ድረስ ሊያቈየው ይችላል። የሕመምተኛ ሥዕል ሲሆን ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልጋል፥ ስሙና የካርድ ቁጥሩም ከፋይሉ መውጣት አለበት።

የተቀመጠ ነገር ለማን እንደሚጠቅም አስቀድሞ አይታወቅም። በ1971 ዓ.ም. የፕሮቲኖችን ቅርጽ የሚያስቀምጠው ፕሮቲን ዳታ ባንክ ሲከፈት በውስጡ የነበሩት ቅርጾች ሰባት ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎች ሃምሳ ዓመት ያህል ያጠራቀሙት ያ ማኅደር፥ አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የፕሮቲንን ቅርጽ መተንበይ የተማረበት መጽሐፍ ሆነ፤ ለዚህም ሥራ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ሰባቱን ያስቀመጡት ሰዎች ይህን አላሰቡም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ዘመዴ የቤተ ሙከራውን ረዳት ጠራች፤ ሽማግሌ ናቸው፥ ተማሪው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ጉዳዩን ሰምተው ምንም ሳይናገሩ ወጡና አንድ የካርቶን ሣጥንና ጠርዙ የተላጠ ደብተር ይዘው ተመለሱ። ልጁ እየተመለከተ የተዋቸውን ስላይዶች አልጣሏቸውም ኖሯል። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጽፈዋል፤ ደብተሩ ላይም ከቁጥሩ ትይዩ ቀኑ፥ የማሳው ስምና «የተረጨ» ወይም «ያልተረጨ» የሚል ቃል ሰፍሯል።

«ማን እንዲህ አድርጉ አለዎት ጋሼ?» አለ ልጁ።

«ማንም። ድሮ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ» አሉት።

ልጁ ስላይዶቹን እንደገና ሲያነሣ እስከ ጥር ቈየ። አሁን ከሥዕሉ ሁሉ ጥግ ላይ የልክ መስመር አለ፤ የፋይሉ ስም በስላይዱ ቁጥር ይጀምራል፥ ቀኑና ሌንሱ ይከተላሉ። ከስላይዶቹ የተሰበሩ ስለ ነበሩ ሁለት መቶ የሚያህሉ አሮጌ ሥዕሎች የየትኛው ዛፍ እንደ ሆኑ እስከ ዛሬ አልታወቀም። «ባለቤት ያልተገኘላቸው» በሚል ስም ለብቻቸው አስቀምጧቸዋል።